የሁለት ሰው ሒሳብ

ከቦሌ ለሚ በር፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣
ሚኒባሱ መጣ፣ "አራብሳ! አራብሳ!" ባይ።
ረዳቱ አየኝና በዓይኑ ለክቶ ዳሌዬን፣
"እትዬ፣ የሁለት ነው" አለኝ፣ ሳይጠይቅ መውረጃዬን።

ከፈልኩ። ምን ልበል? ዝናቡ ከበደ፤
ከኋላ ያለው ሰልፍ ገፋ፣ ተናደደ።

ድሮ ሠንጋተራ፣ ሳድግ በጭቃ ቤት፣
"ወፈርሽ" ማለት ነበር "ደላሽ" እንደማለት።
ጉንጯ የሞላ ልጅ የእናቷ ኩራት ናት፤
ቀጭኗን ነበረ ሰው "ምን ሆና ነው?" የሚላት።
ዛሬም ያው በቃሉ "ተመቸሽ" ይሉኛል፣
ከከንፈራቸው ጥግ ግን ሌላ ይታየኛል።

ባለፈው ረቡዕ ጤና ጣቢያ ገባሁ፤
የግማሽ ቀን ደሞዜን ለወረፋው ሰዋሁ።
"ትርንጎ ዘለቀ!" ወጣቷ ሲስተር ጠራችኝ፤
ሚዛን ላይ አቆመችኝ፣ ክንዴን አስራ ለካችኝ።
"ስኳርሽ ደጃፍ ላይ ነው፤ ግፊትሽም ከፍ ብሏል።
ይሄ ሁሉ፣ እህቴ፣ በአፍ በኩል ይገባል።
ምርጫ ነው፤ መድኃኒቱ በእጅሽ ነው" አለችኝ፤
"በቀን አንድ ሰዓት እርምጃ፣ ሰላጣ፣ ዓሣ" ጻፈችልኝ።

ጽሑፏ ቆንጆ ነው። ወረቀቱን አጥፌ፣
ከብሬ ጋር ሸጉጬ፣ ደረቴ ላይ አቅፌ፣
ሳልናገር ወጣሁ።

ሲስተርዬ፣ የት ልራመድ?
አሥር ሰዓት ሌሊት ነው በሬን የምዘጋ፣
ሰርቪሱን ፍለጋ፣ ሰማዩ ሳይነጋ።
ከብሎክ ሰባ ሁለት እስከ አስፋልቱ ድረስ
መብራት የለም፤ ውሻ ነው በመንጋ የሚተራመስ።
አንዴ ጅብ አይተናል ከቆሻሻው ገንዳ፣
እንደኛው ባለ ተራ፣ ቁርሱን የሚያሰናዳ።

ፋብሪካ ስገባ መነሳት አይገኝም፤
የሽንት ቤት ካርዷ አንድ ናት፣ ተራዬ አይደርሰኝም።
የምሰፋው ሱሪ ነው፣ ባሕር ማዶ የሚሄድ፣
ወገቡ ጭኔን የሚያህል፣ ልለካው ብል የሚቀደድ።
ስንት ሺህ ቀጭን ወገብ በነዚህ እጆች አለፈ!
የኔው ግን ከወንበሩ ጋር ተሰፍቶ ገዘፈ።
ማታ ኦቨርታይም ነው። ሰርቪሱ ጥሎኝ ይሄዳል።

ሰላጣው ቅዳሜ ነው ሠፈር የሚመጣው፤
ስደርስ ጠውልጎ ነው፣ በጭቃ የተረገጠው።
በየቀኑ፣ በየበሩ፣ ሳይጠሩት የሚገኝ
ፓስታ ነው፣ ዳቦ ነው፣ የሚረጋው ዘይት ነው፤ ያጠገበኝ፣ ያሳበጠኝ።

ደግሞ ዕጣ አለ። ዕጣ!
አሥራ ሦስት ዓመት ቆጥቤ ስሜ በጋዜጣ ወጣ።
እልል ብዬ ነበር። ማን መረጠ ቦታውን?
ማን ቆጠረ ፎቁን፣ ማን ለካ ርቀቱን?
በቁጥር ተጠርቼ፣ በቁጥር የተጣልኩት
አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት በሌለበት።

ይሁን። ለሲስተሯ ብሸሽግ፣ ከሆዴ እሸሸግ ወይ?
አስፋልቱ ዳር ሻሺቱ ቦምቦሊኖ ትጠብሳለች።
የመጀመሪያው ለራብ ነው።
ሁለተኛው ለድካም።
ሦስተኛው — ሦስተኛው ለማንም አይደለም፤
ለጣዕሙ ነው፤ የኔ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም።
ከንጋት እስከ ማታ ሳልታዘዝ የማደርገው
ስኳሩን ከጣቴ ላይ መላስ ብቻ ነው።

መገንጠያው ላይ ሚኒባሱ ቆመ።
አንድ ቀጭን ልጅ ገባ፣ ዝናብ የደበደበው።
"ጠጋ በይለት እትዬ!" ረዳቱ ነው የሚለው።
በከፈልኩበት ወንበር ልጁን ቁጭ አደረገው፤
ሒሳብም ጠየቀው።

"አትክፈል ልጄ" አልኩት፣ "ለሁለት ከፍያለሁ፣
ለምትመርጠዋም፣ ለተመረጠላትም።"
ታክሲው ሙሉ ሳቀ። ረዳቱ አልሳቀም።

ወረድኩ። ሻሺቱ ገና ከሩቅ አይታኝ ሦስቱን ጠቀለለች።
"ዛሬ ሁለቱን ብቻ።"
"አሞሽ ነው?" አለች።
አይ፣ አልኩ። ነገን እንጃ።

አሁን ደረጃው አለ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አርፋለሁ፤
የሲስተሯን ወረቀት እዚያ ቆሜ አነበዋለሁ፣
መብራት ካለ።